ከዜሮ በታች

በሲያትል ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሁለት የቀን መቁጠሪያ ያስፈልገዋል፤ ሐበሻ ከሆነ ደግሞ ሦስት። አንዱ የሥራና የትምህርት ቤት ቀን የሚቆጠርበት፣ አንዱ ጾምና በዓል የሚታወቅበት ነው። ሦስተኛው የባሕሩ ነው፦ ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጎድል፣ ምን ያህል ከፍ ብሎ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለዓመቱ ሙሉ አስቀድሞ የተሰላ ሰንጠረዥ። ከከተማዋ ነዋሪ ብዙው ይህን ሰንጠረዥ ገልጦ አያውቅም። የሚገልጠው ሰው ግን ዓይኑ የሚያድነው አንድ ምልክት ነው፤ ከቁጥሩ ፊት የምትቀመጠውን የመቀነስ ሰረዝ።

ሰረዟ የምትለው «ከዜሮ በታች» ነው። ዜሮው ከየት መጣ? የሲያትል ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሁለቱ ጉድለቶች ግን እኩያ አይደሉም፤ አንዱ ሸሸት ብሎ ይመለሳል፣ ሌላው አርቆ ይሄዳል። በየቀኑ አርቆ የሚሄደው ብቻ ተለይቶ፣ የ19 ዓመት መዝገብ ተደምሮ አማካዩ ሲወጣ ያ ከፍታ ዜሮ ይባላል። 19 ዓመት የተመረጠው የጨረቃ መንገድ ዘንበልና ቀና እያለ ዙሩን ለመጨረስ 18 ዓመት ተኩል ያህል ስለሚፈጅበት ነው። የከተማዋ ወደብ ላይ ያለው መለኪያ ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ (በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የውኃውን ከፍታ ሲመዘግብ ኖሯል። በዓመት ውስጥ ባሕሩ ከዜሮው 3 ወይም 4 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ገደማ ዝቅ የሚልባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። በእነዚያ ቀናት ከተማዋ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ካርታዋ ላይ የሌለ መሬት ታገኛለች፤ መግቢያው ነጻ ነው።

ጣና ዳር ላደገ ሰው የውኃ ከፍታ የወቅት ጉዳይ ነው፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል። እዚህ የሰዓት ጉዳይ ነው። ጨረቃ ወደ እርሷ የዞረውን የምድር ወገን ከመሐሉ ይልቅ አጥብቃ፣ ጀርባውን ደግሞ ከመሐሉ ይልቅ አላልታ ትስበዋለች። በዚህ ልዩነት ውቅያኖሱ በሁለቱም ወገን ያብጣል። ምድር በእብጠቶቹ ሥር ስትሽከረከር ጨረቃም ቆማ አትጠብቃትም፤ መንገዷን ትቀጥላለች። ስለዚህ የአንድ ዙር ርዝመት 24 ሰዓት ሳይሆን 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው፤ የዛሬው ጉድለት ነገ ሃምሳ ደቂቃ ያህል አርፍዶ ይመጣል። ፀሐይም ከጨረቃዋ ግማሽ ባነሰ ጉልበት ትስባለች። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ሁለቱ በአንድ መሥመር ይሰለፉና ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። ጨረቃ አብዛኛውን ጊዜ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ፈቀቅ ስለምትል ደግሞ የቀኑ ሁለት ሙላቶችና ጉድለቶች መበላለጣቸው አይቀርም።

እስከዚህ ያለው ማንኛውም የጂኦግራፊ መምህር የሚያስተምረው ነው። መምህሩ ብዙ ጊዜ የማይደርስበት ነገር ሰዓቱ ነው። ሲያትል የተቆረቆረችበት ፒዩጀት ሳውንድ የተባለው የባሕር ክንድ ወደ መሬት ጠልቆ የገባ ስለሆነ፣ ከፓስፊክ የሚነሳው ሙላትና ጉድለት በሁዋን ደ ፉካ ሰርጥ ዞሮ እስኪደርስ ሰዓታት ያልፋሉ። በዚህ መዘግየት የተነሳ በጁንና በጁላይ ትልቁ ጉድለት በክፍቱ ውቅያኖስ ዳር ማለዳ ላይ ሲሆን፣ ሲያትል የሚደርሰው ወደ እኩለ ቀን ነው። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነገሩ ይገለበጥና ትልቁ ጉድለት ከተማዋን በሌሊት ያገኛታል። ተራ የሰዓት ጉዳይ ይመስላል። በዚህ ዳርቻ ግን ሞትም ሕይወትም የሚቆረጠው በእሱ ነው።

ለመውረድ ጥሩ ቦታ በከተማዋ ምዕራብ፣ ከአልካይ ጫፍ በስተደቡብ ያለው ኮንስተሌሽን ፓርክ ነው። ፓርክ ቢባልም ዛፍና ሣር ፍለጋ የሚኬድበት አይደለም፤ አውራ ጎዳና፣ የእግረኛ መንገድ፣ ግንብና ደረጃ ነው። የቀረው ሁሉ ውኃ ሥር ነው። ሰንጠረዡ ከሚለው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይበጃል፤ ባሕሩን እግር በእግር እየተከተሉ መውረድ ይቻላልና። ድንጋዩን የሸፈነው አረንጓዴ የባሕር ቅጠል እጅግ ያሟልጫል። ቦቲ ጫማ ለዚህ ነው፤ የእሁድ ጫማ አይሆንም።

ከላይኛው ድንጋይ እንጀምር። ጥቃቅንና ነጫጭ፣ ከሩቅ የተረጨ ኖራ የሚመስሉት ባርናክል ይባላሉ። ዛጎል ቢመስሉም ዘመዶቻቸው ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። ባርናክል በልጅነቱ እየዋኘ ቦታ ይመርጣል፤ ከመረጠ በኋላ ራሱን በግንባሩ ድንጋይ ላይ ያጣብቅና ዙሪያውን ግድግዳ ይሠራል። የቀረውን ዕድሜውን በእግሩ ምግብ ወደ አፉ እየጠረገ ተዘቅዝቆ ይኖራል። ውኃው ሲሸሽ መዝጊያውን ዘግቶ፣ ውስጥ ያስቀራትን እርጥበት ቆጥቦ ይጠብቃል።

ከባርናክሉ በታች ጥቁር ሰማያዊ መስል ይመጣል፤ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ነው፣ በክር እየተያያዘ ይከማቻል። ከእሱ በታች ኮከብ ዓሣ፣ የባሕር አበባ፣ በመጨረሻም የባሕር ሣር። ድንበሮቹ በገመድ የተለኩ ያህል ቀጥ ያሉ ናቸው። ለምን እንደሆነ በሚገባ ያሳየው ጆሴፍ ኮኔል የተባለ ሰው ነው፤ በስኮትላንድ ዳርቻ ሁለት የባርናክል ዝርያዎችን አጥንቶ በ1961 አሳተመ። ወደ ላይ የሚያቆማቸው ድርቀቱ ነው፤ ወደ ታች የሚያቆማቸው ጎረቤቱ። ከላይ የሚኖረው ዝርያ ታች መኖር አቅቶት አልነበረም፤ የታችኛው እየተጫነ፣ እየፈነቀለ አላስቀምጥ ስላለው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ከሲያትል ነበር። ሮበርት ፔይን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ሲሆን፣ በ1963 በማካህ ሕዝብ ምድር፣ ሙካው በሚባል የፓስፊክ ወሽመጥ አንድ ቁራጭ ድንጋያማ ዳርቻ መረጠ። እዚያ ያሉትን ሐምራዊና ብርቱካናማ ኮከብ ዓሣዎች በብረት እየፈነቀለ ወደ ባሕር መወርወር ጀመረ። ሌላ መሣሪያ አልነበረውም፤ ከዚህ የቀለለ ታላቅ ሙከራ እኔ አላውቅም። ኮከብ ዓሣው መስል በል ነው። እሱ ሲነሳ መስሉ ወደ ታች ወረደ፤ ድንጋዩን አለበሰው፣ ሌሎቹን አፈናቀለ። በመጀመሪያ 15 ዝርያ የነበረበት ቦታ ወደ 8 ወረደ። ውጤቱ በ1966 ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፔይን ለእንዲህ ዓይነቱ ፍጥረት የቅስት ማሰሪያ ድንጋይን ስም አወጣለት፤ ከቅስቱ አናት ተነቅሎ ሲወጣ ቀሪውን ይዞ የሚወርደውን ድንጋይ። ዛሬ ይህ ስም ከተኩላ እስከ ዝሆን ለብዙ እንስሳ ይነገራል፤ የተወለደው ግን በዝቅተኛ ውኃ ሰዓት፣ ድንጋይ ላይ ነው።

የፔይንን ሙከራ በ2013 በሽታ ደገመችው፤ ያውም በአንድ ቁራጭ ድንጋይ ሳይሆን በመላው የሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ። ኮከብ ዓሣዎች ሰውነታቸው ይቆሳስላል፣ ክንዳቸው ይነቀላል፣ በቀናት ውስጥ ይሟሟሉ። ክፉኛ የተጎዳው እስከ ሃያና ከዚያ በላይ ክንድ የሚያበቅለው ግዙፉ የሱፍ አበባ ኮከብ ነው፤ በብዙ ቦታ ጨርሶ ጠፋ። መንስኤው ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ2025 ተመራማሪዎች አንድ ባክቴሪያ አገኙ፤ ኮሌራን ከሚያመጣው ተሕዋስ ጋር ከአንድ ወገን የሆነ። በሲያትል ዳርቻ ሐምራዊው ኮከብ ዛሬም ይገኛል። ውኃው ሲሸሽ ከድንጋይ ሥር ተለጥፎ ይታያል፤ ደፍሮ ለማላቀቅ የሚሞክር ካለ የኮከቡን እግሮች ይጎዳል፣ ስለዚህ ማየት ይበቃል።

አሸዋማውን ዳርቻ የሚመርጥ ወደ ጎልደን ጋርደንስ ይሂድ። በጸደይ መጨረሻና በሙቀት ወራት እዚያ አሸዋው ላይ አንገት የሚያክል ክብ፣ ግራጫ፣ ጎማ መሰል ነገር ተበታትኖ ይገኛል። አካባቢውን ለማጽዳት የመጡ ደግ ሰዎች እያነሱ ቆሻሻ መጣያ ይከቱታል። ቆሻሻ አይደለም፤ የእንቁላል ቤት ነው። ሙን ስኔይል የምትባለው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ አሸዋን ከልጋጓ ጋር ለውሳ በሰውነቷ ዙሪያ ታንጸዋለች፤ በአሸዋው ንብርብር መሐል በሺህ የሚቆጠር እንቁላል አለ። ሥራዋ ሲያልቅ ከሥሩ ሾልካ ትሄዳለች። እሷን ለማየት ትንሽ ዕድል ያስፈልጋል፤ የሠራችውን ለማየት ግን ባዶ ዛጎሎችን ማንሳት ይበቃል። ከማጠፊያው አጠገብ ክብ፣ ጠርዙ የተሞረደ ቀዳዳ ያለበት ዛጎል የእሷ ራት ነበር። በአሲድ እያለሰለሰች በጥርሳም ምላሷ ትሰረስራለች።

በዚያው አሸዋ ሥር፣ አንድ ሜትር ያህል ጠልቆ፣ ጉዊዳክ የሚባል ከ1 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ዛጎል ይኖራል። ላይ የሚታየው የአንገቱ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሲረግጡት ውኃ ይተፋል። ከ140 ዓመት በላይ የኖረ ተገኝቷል። የዓድዋን ጦርነት በሕይወት ኖሮ ያለፈ፣ ያውም ከዚያች ጉድጓድ ሳይነቃነቅ፣ ዛሬም ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

በማዕበል ታጥቦ የወጣ የሸርጣን ቅርፊትም ብዙ ነው፤ ጎብኚው «ምን ፈጃቸው?» ይላል። አብዛኛው ሬሳ አይደለም። ሸርጣን ለማደግ ቅርፊቱን ከጀርባ በኩል ሰንጥቆ ስለሚወጣ፣ የተገኘው የጣለው ልብሱ ነው። ሥጋ ካልሸተተና ውስጡ ባዶ ከሆነ ባለቤቱ በሕይወት አለ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ሚድሺፕማን የሚባለው ዓሣ ነው። ሆዱ ላይ የተደረደሩት አብረቅራቂ ነጥቦች የባሕር ኃይል እጩ መኮንን የደንብ ልብስ ቁልፍ ስለሚመስሉ ነው በማዕረጉ የተጠራው። በባሕሩ ጥልቅ ውስጥ ይከርምና በጸደይ ወደ ዳር ይወጣል። ወንዱ ከድንጋይ ሥር ጎድጓዳ ቤት ይቆፍርና ሌሊት ሌሊት ያንጎራጉራል፤ በውኃ ውስጥ የአየር ከረጢቱን በጡንቻው በሴኮንድ ወደ 100 ጊዜ እያርገበገበ። አንዷ ዜማ እስከ አንድ ሰዓት ሳትቋረጥ ልትዘልቅ ትችላለች። በካሊፎርኒያ በጀልባ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በዚህ ድምፅ እንቅልፍ እስከ ማጣት ደርሰዋል። ሴቷ በዜማው ተስባ ትመጣለች፣ እንቁላሏን በድንጋዩ ጣሪያ ላይ ትለጥፋለች፣ ወደ ጥልቁም ትመለሳለች። አባት ይቀራል። የማያንጎራጉሩ፣ ቤት የማይሠሩ፣ በዘፋኙ ደጅ ሹልክ ብለው ገብተው እንቁላሉን በራሳቸው ዘር የሚያጸንሱ ትናንሽ ወንዶችም አሉ፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድግላቸው እሱ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ አባት አይሸሽም። አየር እየተነፈሰ በእርጥቡ ጉድጓድ ለሰዓታት ይቆያል፤ አሞራ፣ ሽመላና ራሰ ነጭ ንስር ደግሞ ያንን ሰዓት ያውቁታል።

ድንጋይ ገልባጭም ያውቀዋል። ስለዚህ የዳርቻው የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፦ ድንጋይ ካነሱ ቀስ ብለው ያንሱ፣ አይተው እንደነበረ፣ ፊቱን በፊቱ፣ ወደ ቦታው ይመልሱ። በተገለበጠ ድንጋይ ላይ እንቁላሉ በፀሐይ ይደርቃል፤ ላይ የነበረው ባርናክልም ታፍኖ ይሞታል። በሙቀት ወራት ታላቅ ጉድለት በሚሆንባቸው ቀናት የሲያትል አኳሪየም በጎ ፈቃደኞች በየዳርቻው ቆመው ይህንኑ ለልጆች ያስረዳሉ። ስሙ ያልታወቀ ነገር ላገኘ ሰውም ይመልሳሉ፤ ጠይቋቸው፣ የቆሙት ለዚሁ ነው።

«ይበላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በጣም ይጠየቃል፤ በእርግጥ ለብዙ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ አይነሳም፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት የኦሪት ሕግ ዘግቶታልና። ለሌላው መልሱ አጭር ነው፤ በከተማዋ ፓርኮች ሕያው ነገር ማንሳት ክልክል ነው፣ ዝናብ ሲበረታ የጎዳናውና የፍሳሹ እጣቢ የሚወርደውም እዚያው ነው። ከዚህም ሌላ በተወሰኑ ወራት ጥቃቅን የባሕር ተሕዋስያን የሚሠሩት መርዝ ዛጎሎች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማብሰል አያጠፋውም። ፒዩጀት ሳውንድን ወደ አውሮፓውያን ካርታ ያስገባው ጆርጅ ቫንኩቨር በ1793 ከዚህ በስተሰሜን ሲጓዝ ከሰዎቹ አንዱ መስል በልቶ በሰዓታት ውስጥ ሞቶበታል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። በ2021 ጁን 24 ቀን ጨረቃ ሙሉ ነበረች፤ ስለዚህ የዚያ ሰሞን ጉድለት ከዓመቱ ታላላቆች አንዱ ነበር፣ ሲያትል ውስጥም በእኩለ ቀን አካባቢ። በዚያው ሳምንት ከሰማዩ ያልተጠበቀ ሙቀት ወረደ። ጁን 28 በሲያትል 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዘገበ፤ ከተማዋ እንዲህ ያለ ቀን አይታ አታውቅም። ባሕሩ ሸሽቶ ዛጎሉን፣ ባርናክሉን፣ ኮከቡን ለቀትር ፀሐይ አጋልጦ ሄዶ ነበር። በካናዳ በኩል፣ በቫንኩቨር ከተማ፣ ክሪስ ሃርሊ የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ የድንጋዩን ሙቀት ሲለካ ከ50 ዲግሪ በላይ አገኘ። ዳርቻው በቀናት ውስጥ ሸተተ፤ የመስል ክዳኖች ተከፍተው ቀሩ። የእሱ ግምት በመላው የአካባቢው ባሕር የሞተው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ፍጥረት ነው የሚል ነበር።

ዳርቻው ሁሉ እኩል አልተመታም። በክፍቱ ውቅያኖስ ዳር ያለው መስል አየሩ ከመጋሉ በፊት፣ ማለዳ ጎድሎበት እኩለ ቀን ሳይደርስ ውኃ ተመልሶለታል። ከተሞች ባሉበት ውስጠኛው ባሕር ያለው ግን በቀኑ እጅግ ክፉ ሰዓት ባዶውን ቀረ። ያ ልዩነት የዝርያ ጥንካሬ አልነበረም፤ የሰንጠረዥ ዕጣ ነበር። ሰንጠረዡ ለብዙ ዓመታት ወደፊት ሊሰላ ይችላል፤ የሙቀት ማዕበል ግን ከብዙ ጊዜ በፊት አይታወቅም። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቀን አስቀድሞ የሚያመለክት የለም።

የከተማ ዳርቻ ከሰማይ ሌላ ጠላትም አለው፤ ከኋላው። ይህን አገር የቀረጸው የበረዶ ግግር ነው፤ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዋ ሲያትል ላይ 900 ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው። እየገፋ ሲመጣ ከሸክላ በላይ አሸዋ፣ ከአሸዋ በላይ ጠጠር ደርድሮ ገደል አድርጎ ትቶ ሄደ። ዝናብ አሸዋውን ያልፍና ሸክላው ላይ ይቆማል፤ ገደሉም በየክረምቱ ይናዳል። ናዳው ለባለ ቤቱ መከራ ነው፤ ለዳርቻው ቀለብ ነው፣ ማዕበሉ የሚያጥበውን አሸዋ የሚተካው እሱ ነውና። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከከተማዋ ወደ ሰሜን የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በገደሉና በባሕሩ መሐል ገብቶ ይህን ቀለብ ቆረጠ። ካርኪክ የተባለውን ፓርክ ከዳርቻው የሚለየው ያ ሐዲድ ነው። በምዕራብ ሲያትል በሊንከን ፓርክ ደግሞ በ1930ዎቹ ግንብ ተሠራ፤ ማዕበሉ ግንቡን እየመታ ሲመለስ ከፊቱ ያለውን አሸዋ ጠርጎ ወሰደው፤ በ1988 ጠጠር በጀልባ እየተጫነ መጥቶ ዳርቻው እንደገና ተሞላ። መንግሥት ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከሚከፍልባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ከሲያትል በስተደቡብ፣ በበሪየን ከተማ ያለው ሲኸርስት ፓርክ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ የደቡቡን ግንብ በ2005፣ የሰሜኑን በ2014 አፍርሶ ገደሉን ከባሕሩ ጋር አገናኘው፤ ዳሩንም ዛፍ ተከለበት። ዛፉ ለጎብኚ ጥላ ብቻ አይደለም። ሰርፍ ስሜልት የሚባሉ ቀጫጭን ዓሣዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ውኃው ሞልቶ ከፍ ባለበት ሰዓት፣ የዳርቻው ላይኛ ጫፍ ጠጠር ላይ ነው፤ ሳልሞንም ይበላቸዋል። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ሳምንታት ይፈጃል፤ በዚያ መሐል በየቀኑ ለሰዓታት ውኃ ይሸሸዋል። ግንብ ባለበትና ዛፉ በተመነጠረበት ዳርቻ ጠጠሩ በቀትር ይግላል፣ ይደርቃል፤ ከእንቁላሉም የሚሞተው ጥላ ካለበት ዳርቻ ይልቅ እጅግ ይበዛል። የጉድለቱን ሰዓት መለወጥ አይቻልም፤ በዚያ ሰዓት ጠጠሩ ላይ ጥላ እንዲያርፍ ማድረግ ግን በሲኸርስት ተችሏል።